ላሊበላ በመኪና፣ ከአማትና ከልጆች ጋር

ላሊበላን በአውሮፕላን ገብቶ በማግስቱ መመለስ ጥድፊያ ላለበት ሰው ይመች ይሆናል። አማትና ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን እኔ መኪናውን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ በዚሁ ምክንያት ጉዞውን ለወራት አቆይተነዋል፤ የአማቴ ስለት ግን እየቆየ፣ ጉልበታቸውም እየደከመ ነበር።

ኮምቦልቻ አድረን በማግስቱ የሀብሩ ከተማ መርሳ ላይ ምሳ በላን። መርሳ ቆላ ነው፤ ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። ቡና ያፈላችልን ሴት የአማቴን አረማመድ አይታ «አብሽሩ እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብላ ትራስ አመጣችላቸው። ወሎ እንዲህ ነው። ማታ ወልድያ አደርን።

ከወልድያ በኋላ መንገዱ ይወጣል፤ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብርዱ የደጋ ነው። ሹራቡን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት።

ላሊበላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጀምበር አያልቁም፤ ለደካማ ጉልበት ደግሞ ደረጃው ይከብዳል። እኛ ከሰዓት ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን አየን። ቤተ ጊዮርጊስን ያን ቀን ከላይ ብቻ ተመለከትነው፤ አማቴ በማግስቱ ማለዳ ምርኩዝ ይዘው፣ በልጄ ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ታች ሲደርሱ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። እኛም ዝም አልን።

ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን የጨለማ መተላለፊያ ነው። ያለ መብራት፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የሚታለፈው። ትንሿ ልጄ ሦስት ጊዜ ካልተመላለስኩ አለች።

ጫማ በየበሩ ስለሚወለቅ ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ነጠላም አትርሱ። የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ልጆች የሚጠይቁትን እኛ አንመልሰውም። ቅዳሜ ከሆነ ገበያውን እዩ። ለገና መሄድ የምትፈልጉ ማረፊያችሁን ከወራት በፊት ያዙ።

ስትመለሱ ወቅቱ ከሆነ መርሳ ላይ ማንጎ ግዙ። ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ የበሰለው አዲስ አበባ አይደርስም።