ስለ ትንሿ የፎቶግራፍ መኪና

በመሥሪያ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ የሲጋራ ፓኮ የምታህል አንዲት ዲጂታል የፎቶግራፍ መኪና አለች። ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራ ያለው ስልክ ስለ ያዘ ብዙዎች ንቀዋታል። እኛ ግን ስብሰባ ሲሆንና ጡረታ የሚወጣ ሲኖር እንጠቀምባታለንና ጠባይዋን ማወቅ ግድ ሆኖብናል።

ከሚያስወቅሷት ነገሮች ዋነኛው የሥዕሉ መደብዘዝ ነው፤ ዳሩ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ችኮላ ነው። መጫኛው ሁለት እርከን አለው። እስከ ግማሽ ሲጫኑት ሌንሱ ርቀቱን ያስተካክልና በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይታያል፤ ሥዕሉን የምትይዘው ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ነው። ይህችን ጥቂት ጊዜ መታገሥ ለሚከብደው ሰው እንዲህ እንለዋለን፦ የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር።

አረንጓዴው በርቶ ሳለ ሥዕሉ የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ ብርሃን አንሷታል ማለት ነው። ጨለም ባለ ክፍል መዝጊያዋን ረዘም ላለ ጊዜ ስለምትከፍት የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ይመዘገባል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በ2 ሴኮንድ ቆጣሪ ማንሣት ይበጃል። አይኤስኦ የሚባለውን ቁጥር ከ100 ወደ 800 ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሹ እንደ ሆነ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከአዳራሽ ጀርባ ሆኖ የሚያበራ ሰው የፊተኞቹን ማጅራት ብቻ ያነሣል።

እጅግ የሚያሳዝነን የነጭ ልብስ ነገር ነው። ብርሃን መለኪያዋ ያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲቆምለት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፥ የጠይም ሰው ፊትም ከጥላ ይገባል። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ የነበሩ አንድ አባት በጡረታቸው ቀን አዲስ ጋቢ ለብሰው፥ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው አንድ ባልደረባችን አነሣቸው። በዓመቱ ዐረፉና ልጃቸው ለልቅሶው የሚሆን ፎቶግራፍ ልትጠይቅ መጣች፤ ሌላ አልነበራቸውም። ከፍተን ስናየው መስኮቱ ቦግ ብሎ በርቷል፥ የሰውየው ፊት ግን ከጥቁር ነጠብጣብ አይለይም። በኮምፒውተር ስናበራው ጢማቸውና ዐይናቸው ከጤፉ መካከል ብቅ አለ። ልጂቱ ረዥም ጊዜ አይታ «እሳቸው ናቸው» አለችና ወሰደችው።

መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ወደ +1 ማሳደግ ነው። ሰውየው መስኮት ተደግፎ የቆመ እንደ ሆነ ደግሞ በቀን ብርሃንም ቢሆን ፍላሹን አስገድዶ ማብራት፥ ወይም ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዲያዞር መለመን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ጡረታ የሚወጡትን ሁሉ እናዞራለን፤ አንዳንዶቹ ይቈጡናል።

ካርዱ ተቈልፏል የምትል እንደ ሆነ በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቀርቀሪያ ወደ ላይ መግፋት ይበቃል። በስሕተት የተሰረዘ ሥዕልም ብዙውን ጊዜ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ ይቈያል፤ ስለዚህ አንድም ተጨማሪ ሳያነሡ ካርዱን አውጥቶ ለባለሙያ መስጠት ነው።