ባለ ሃያ ሻማ

የትርጉም ሥራ እንጀራዬ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ከእኔና ከአርታኢዬ በቀር ያወቀው የለም። አንዱን ግን እናቴ አነበበችው።

ጽሑፉ የሰውን አንጎል አሠራር መነሻ አድርገው፣ በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ እንዲሠሩ ስለሚነደፉ የኮምፒውተር ሰርኪዩቶች የሚያወራ ነበር። እንግሊዝኛው በጥንቃቄ «ከአንጎል በተወሰደ ሐሳብ የተነደፈ» ይላል። እኔ ረዘመብኝና «እንደ አንጎል የሚያስብ» ብዬ አሳጠርኩት። ለጆሮ ያምራል። አርታኢውም ወደደውና ርእስ አደረገው።

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ናይሮቢ እኔ ዘንድ ትኖራለች፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ካላት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መጽሔቱን በግራ እጇ ይዛ ካነበበች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጄ፣ ይኼን ነገር አንጎሌ ውስጥ በሞተው ቦታ ሊተኩልኝ ይችላሉ ማለት ነው?»

በዚያ ምሽት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፊቴን በደንብ አላየችውም። ሻማ ለኩሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አስተማሪ ናትና ከሥሩ ካልተነሡላት አትቀበልም።

በተለመደው ኮምፒውተር ማስታወሻው አንድ ቦታ፣ አስሊው ሌላ ቦታ ነው። ይህ አደረጃጀት ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ከጻፈው ሰነድ ጀምሮ በስሙ ይታወቃል። «ለእያንዳንዷ ቁንጥር ጨው ከማድ ቤት ተነሥታ ማዶ ሰፈር ወዳለ ጓዳ የምትሮጥ ወጥ ሠሪ አስቢ» አልኳት፤ «ጉልበቷን የሚጨርሰው ወጡ ሳይሆን መንገዱ ነው።» በአንጎል ውስጥ ግን ጓዳውና ምድጃው አንድ ላይ ናቸው። ትዝታ የሚቀመጠው የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ በሚገናኙባቸው ነጥቦች ነው፤ ሥራውም የሚሠራው እዚያው ነው።

ሌላው ምስጢር ዝምታ ነው። የነርቭ ሴል የሚናገረው ሲኖረው አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ሌላውን ጊዜ ጸጥ ይላል። («ምት» ልበለው ወይስ «ብልጭታ» እያልኩ አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። የልብ ምትን እንዳያስታውስ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ግን ቢያስታውስስ ምን ይጎዳል አልኩ።)

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ካርቨር ሚድ በ1980ዎቹ ያስተዋለው ነገር ነው። ትራንዚስተር «ጠፍቷል» በሚባልበት ጊዜም እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ብዙ መሐንዲሶች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ይህ ፍሰት ቮልቴጁ ጥቂት ሲለወጥ በብዙ እጥፍ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ በነርቭ ሴል ሽፋን ውስጥ የሚያልፈውም ፍሰት ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሚድ ጉድለቱን መሣሪያ አደረገው። ከተማሪው ከሚሻ ማሆዋልድ ጋር የሠራው የሲሊከን ሬቲና የብርሃኑን መጠን ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ ከአካባቢው የተለየውንና የተለወጠውን ነቅሶ ያወጣል።

«ታዲያ እንደ አንጎል ያስባል ያልከው የቱ ነው?» አለች እናቴ።

ወረቀት አወጣሁ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ትሩኖርዝ የተባለ ቺፕ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮችና 256 ሚሊዮን መገናኛዎች ነበሩት፤ የሚፈጀው ደግሞ 70 ሚሊዋት ያህል ብቻ ነበር። ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ ነርቮች አሉት። በቁጥር ብቻ ለመስተካከል 86 ሺህ ቺፕ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ተደምሮ ወደ 6 ሺህ ዋት ይፈጃል። አንጎል በ20 ዋት ገደማ ይውላል፣ ያድራል። የቺፑ ነርቭ በአማካይ 256 መገናኛ ሲደርሰው፣ የእኛው በሺዎች የሚቆጠር አለው። ትሩኖርዝ የሚያውቀውንም ውጭ አሠልጥነው ይጭኑበታል እንጂ ራሱ አይማርም፤ እዚያው ቺፑ ላይ መማር የሚችለው የኢንቴል ሎይሂ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እነዚህ ቺፖች የታሰቡት በትንሽ ባትሪ ለሚያዩና ለሚሰሙ ዕቃዎች ነው፤ ለሰው የራስ ቅል አልተሠሩም።

«ስሕተቱ የእኔ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ሻማውን ስታይ ቆየች።

«ሃያ ዋት ባለ ሃያ ሻማ አምፖል ማለት ነዋ! የድሮ ቤታችን የበረንዳ አምፖል እንኳ ባለ አርባ ነበር።» ሳቀች። ቀጥላም በአስተማሪነት ድምፅዋ፣ «ለአርታኢህ ጻፍለትና ያርሙት። ሌላም የታመመ ሰው ያነበዋል» አለችኝ።

በሚቀጥለው እትም ሦስት መስመር ማረሚያ ወጣ፤ ያም ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ።

ሐኪሟ፣ ከተጎዳው አካባቢ ያለው ጤነኛ ክፍል በልምምድ ብዛት ከጠፋው ሥራ የተወሰነውን ሊረከብ እንደሚችል ነግሯታል። ያን ምሽት የጨርቅ ኳሷን አንሥታ በግራ እጇ ቀኝ መዳፏ ውስጥ አስገባችና እየጨመቀች መቁጠር ጀመረች። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ መብራት መጣ። ሻማውን እፍ አልኩት፤ እሷ መቁጠሯን አላቋረጠችም።