ለአንድ መንጠቆ የሚሆን ፈቃድ

በደሳ ላደገ ልጅ ፈቃድ ማለት የጫት ወረቀት ነው። ጭነቱ የማን ነው? ስንት ኪሎ ነው? ከየት ወዴት ይሄዳል? ኬላ ላይ እነዚህን የማይመልስ ወረቀት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ዓሣ ግን በእኛ ቤት በቆርቆሮ ታሽጎ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነበር። ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ባለፈው እረፍት ሐዋሳ እስክሄድ ድረስ በአእምሮዬ ዞር ብሎ አያውቅም።

እኅቴ ያገባችው ሐዋሳ ነው። ስትወልድ አባቴ የልጅ ልጁን ሊያይ ከበደሳ ድረስ መጣ፤ እኔም ከኮሌጅ ሄጄ ተቀላቀልኩት። በማግስቱ አሞራ ገደል ወሰድኩት። አስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲያወርዱ አባቴ ቆሞ ቀረ። ተወልዶ ያደገው ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው። በልጅነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በሰው ጀልባ ላይ ሆኖ በመንጠቆ ያጠምድ እንደነበር እናቴ ነግራናለች፤ እሱ ግን አንስቶት አያውቅም። ያን ቀን፣ «ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ብጥል ደስ ይለኛል» አለ።

እኔ ምን ገዶኝ! ወዲያው አንድ ባለጀልባ አነጋገርኩ። ልጁ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ አንድ መንጠቆ ማን ይጠይቅዎታል? ደግሞ የማኅበራችን ፈቃድ አለ» አለው።

«በማን ስም ነው ፈቃዱ?»

«በማኅበሩ።»

«እንግዲያው የእኔ አይደለም» አለና ዞሮ መንገድ ጀመረ። እኔ አፈርኩ፤ ትንሽም ተናደድኩ። ሰኞ በሌሊት አውቶቡስ ሊሳፈር ነው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር።

እናላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርን። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ላከን። ሦስተኛው ላይ የተቀመጡት የዓሣ ባለሙያ ደግ ሰው ናቸው፤ ቅጽ አውጥተው መጠየቅ ጀመሩ። «ስንት መረብ አላችሁ?» «የለንም፤ አንድ መንጠቆ ነው።» «የምታወርዱት የት ነው? ለማን ትሸጣላችሁ?» «አንሸጥም።» ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቅጹ ለንግድ ለሚያሰግር ሰው የተዘጋጀ ነው። እኛ የምንጻፍበት መስመር አልነበረውም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሞልተን ብንፈርም ኖሮ ምናልባት ፈቃድ እናገኝ ነበር። ነገር ግን በወረቀት ላይ ነጋዴ ሆነን፣ በውሃ ላይ ሌላ ሰው እንሆን ነበር። ፈቃድ ማግኘትና ትክክለኛውን ፈቃድ ማግኘት ለካ ሁለት ነገር ነው።

«ማመልከቻ ጻፉና ለኃላፊው አቅርቡ» አሉን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ማታ እኅቴ ቤት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዜና መጻፍ የተማርኩ ሰው፣ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «በጀልባ ላይ ሆኖ በመንጠቆ ለመዝናናት ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ስለመጠየቅ» አልኩ። አባቴ ከጎኔ ሆኖ ጨመረበት፦ «ለአንድ ቀን በል። አይሸጥም በል። ትንሹን እንመልሳለን በል።»

ስጽፍ ያነበብኩትንም ነገርኩት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አለ። ከዓላማዎቹ አንዱ የዓሣውን ዘርና የሚኖርበትን አካባቢ መጠበቅ፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርን መከላከል ነው። ምክንያቱም ደረቅ የቢሮ ወሬ አይደለም። በጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በዚያ ብቻ የሚገኙት የባርቦ ዘሮች ክብደታቸው ቢመዘን በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዞቹ ሲወጡ አፋፉ ላይ መረብ ይጠብቃቸው ነበር። «ግን አባዬ፣ ይሄ የመረብ ጉዳይ ነው፤ አንድ መንጠቆ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ኢልማኮ፣ ሐረማያን ያደረቀው አንድ ሰው አይደለም። ሁሉም አንድ አንድ ሞተር ነው የተከለው። እኔና አጎትህም አንድ ነበረችን። ጫትና ድንች አጠጣንባት። የሐረር ሰው የሚጠጣውም ከዚያው ይቀዳል፣ ደለሉም ከተራራው ይወርዳል። ውሃው ሲሸሽ ቱቦውን አስረዘምን። አንድም ሰው መጥቶ፣ ‹ማን ፈቀደላችሁ?› አላለንም። ቢለን እንቆጣ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ቢጠይቀን ይሻል ነበር።»

ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ቤተሰባችን ለምን በደሳ እንደመጣ ስጠይቅ ሁልጊዜ «ለንግድ» ይሉኝ ነበር። በቅርብ ዓመታት የሐረማያ ውሃ በከፊል ተመልሷል። አባቴ ግን ሄዶ አላየውም። ለምን እንደማይሄድ ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

ዓርብ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ኃላፊው ማመልከቻዬን አንብበው ፈገግ አሉ። ግርጌው ላይ «ለእሑድ ብቻ፣ በአንድ መንጠቆ፣ ለሽያጭ ሳይሆን» ብለው ፈረሙበት። ማኅተም ተመታ። አባቴ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰን፣ የዚያው ሳቂታ ባለጀልባ ጀልባ ላይ ነበርን። ታቦር ተራራ ከኋላችን፣ ውሃው ዝም ያለ። አባቴ ትሉን መንጠቆው ላይ ሲሰካ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ቆሮሶ ያዘ። በመዳፉ ለካት፤ ከመዳፉ አታልፍም። መለሳት። ባለጀልባው «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ትጠበሳለች!» ሲል አባቴ ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገና፣ «ተጽፏል» አለው።

ሌላ አልያዝንም። የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። አባቴ ጠዋቱን ሙሉ ዓይኑ ዳር ዳሩን ያይ ነበር። መጥቶ የሚጠይቀው ሰው እየጠበቀ ነበር። ማንም አልጠየቀንም። ስንወርድ ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ ዓሣ ባለማግኘቱ አልመሰለኝም።

እኛ ክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልን እንማራለን። «ማን ፈቀደ?» የሚለውን እኔ የምጠይቀው ሰውን ለመያዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መጠየቁን የሚፈልግ ሰው፣ ያውም የገዛ አባቴ፣ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ሰኞ በሌሊት መናኸሪያ ሸኘሁት። ባለፈው ሳምንት እናቴ ስትደውል ወረቀቱን ጠየቅኳት። ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው አለችኝ። ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግል እንደነበርና ቀኑ እንዳለፈ ነገርኳት።

«እሱም ያውቃል» አለችኝ፤ «ግን አይጣልም ብሏል።»