ትርፍ ቤት

ሰሞኑን «ካለው ተወስዶ ለሌለው ይሰጥ» የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ዝም እላለሁ። ያደግኩት ተወስዶ በተሰጠ ቤት ውስጥ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 እትዬ ያከራዩዋቸው የነበሩትን አራት ክፍሎች የቀበሌ አደረጋቸው። እሳቸው እዚያው ግቢ ትልቁ ቤት ውስጥ ቀሩ። እኛ ከአራቱ በአንዱ ሰባት ሆነን ኖርን።

አልዋሽም፣ ያ ቤት ባይኖር አባቴ በዘበኛ ደመወዙ አዲስ አበባ ላይ አያስተምረንም ነበር። ኪራዩ ኪራይ አይባልም። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው አይመጣም፤ እኛም የራሳችን አይደለምና አንነካውም። ድሮ ቆርቆሮ ያስቀይሩ የነበሩት እትዬ በመስኮት ያዩናል። ክረምት ሲገባ ባልዲ የሚያውሱን እሳቸው ነበሩ! አንድ ቀን እናቴ «ይቅር ይበሉን» ብትላቸው፣ «አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽኝ?» ብለው ቡና አስቀዱ። ከቤቶቹ አንድ ብር ሳያገኙ አረፉ።

ዛሬ እኔም ደመወዝተኛ ነኝ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 14,000 ብር ዛሬ የቤት ኪራይ ይችላል? ከፍተኛው መጣኔ ግን ከዚያ ይጀምራል፣ የእኔ ደግሞ እጄ ሳይገባ ነው የሚሄደው።

እንዲያም ሆኖ መካፈሉን እደግፋለሁ። ያለ እትዬ ክፍል እዚህ አልደርስም ነበር። የምጠይቀው ወሳጁ ጣሪያውንም እንዲጠግን ነው።

ግቢው ፈርሷል። የእትዬ ልጅ አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ስለ ቤቱ አናነሳም።