የት ታየች? መቼ ታየች?

በእኛ በግምጃ ቤት «ባቡር» ሲባል የሽማግሌዎች ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ እህል ወፍጮው ነው። የምድር ባቡር በአዊ ምድር አልፎ አያውቅም። ታዲያ ሐዲድ በሌለበት አገር ስለ ሎኮሞቲቭ ማውራት ምን ይባላል? ብላችሁ እንዳትስቁብን። ነገሩ ሙያችንን ስለሚነካ ነው ይህችን አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን።

በዓለም ላይ የባቡር አፍቃሪ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በባቡር መሳፈር አይበቃቸውም፤ ፉርጎውን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ አንድ በአንድ ይከታተላሉ። ፈረስ ለሚያውቅ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ «ፈረስ አለፈ» ብሎ ዝም የሚል የለም፤ የእገሌ ዳማ፣ የእገሌ ቦራ ነው የሚባለው። እነዚያም ያለፈችውን በቁጥሯ ይጠሯታል።

እ.ኤ.አ. በ1942 ኢያን አለን የተባለ የአንድ የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ፣ ስለ ሎኮሞቲቮች የሚጠይቀው ደብዳቤ ቢበዛበት፣ የኩባንያውን ሎኮሞቲቮች ዝርዝር በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ልጆች መጽሐፉን ይዘው ጣቢያ እየቆሙ በዓይናቸው ያዩትን ቁጥር ያሰምሩበት ጀመር።

አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ግን ጥብቅ ነው። ለእያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ ቁጥሯ፣ የሠራት ፋብሪካ፣ የተሠራችበት ዓመት፣ የታየችበት ቦታና ቀን፣ ሁኔታዋም ይጻፋል። በጎኗ የተቀባው ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ ባለቤቱ ሊለውጠው ይችላላ! ከቆመችው ተፈትቶ ለምትሄደዋ የሚገጠም ዕቃም አለ። ስለዚህ የፋብሪካውን የብረት ሰሌዳ ፈልገው ያነባሉ። «አየሁ» እና «ሰማሁ» በአንድ ዓምድ አይገቡም። ሎኮሞቲቯ ብትጠፋም ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት ቀን አይሰረዝም፤ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ ነውና።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1886 ዓ.ም. የተፈቀደው የጅቡቲ መስመር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በእንፋሎት ተጀምሮ ኋላ በዲዝል ሄደ፤ ከጎታቾቹም የፈረንሳዩ አልስቶም ሥራዎች ይገኙበታል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮዎቹ በዚህ ላይ መሄድ አይችሉም። ስለዚህ የእነሱን ዱካ የሚፈልግ ሰው ድሬዳዋ ወዳለው አሮጌ የጥገና ግቢ ነው የሚሄደው። እዚያ ጥያቄው «ወዴት ሄደች?» መሆኑ ቀርቶ «አሁንም አለች ወይ?» ይሆናል።

በምፅዋና በአስመራ መካከል የነበረው መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሏል። እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ ኤርትራ መስመሩን ለመጠገን ስትነሳ በጡረታ የነበሩ አዛውንት ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። የጣሊያኑ አንሳልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች እንደገና ጭስ አወጡ። ከአውሮፓ ድረስ መጥተው በየቁጥራቸው ፎቶግራፍ ያነሷቸው አፍቃሪዎች ብዙ ናቸው። ብረቱን ያስነሳው ግን የእነዚያ ሽማግሌዎች እጅና ትዝታ ነው።

እንግዲህ ነገ እኛም በየገጠሩ ስንመደብ የክፍል መዝገብ ይሰጠናል። አዝመራ ሲሰበሰብ አንዳንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል። «አቋረጠች» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መዝገቡም ይዘጋል፣ ልጅቷም ትረሳለች። በባቡር አፍቃሪዎቹ ወግ ቢጻፍስ? ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባችው ማክሰኞ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ እንደነገረን ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ናት፤ እኛ ግን ሄደን አላየንም። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሚፈልጋት ሰው መንገድ ያሳያል።

ለብረት ይህን ያህል የሚደክም ሰው ካለ፣ ለሰው ልጅማ አንድ ተጨማሪ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?