ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት

በጎረቤላ ፀሐይ ወጥታ ሳለ የተኛ ሰው ወይ በሽተኛ ነው፥ ወይ ሰነፍ ነው። አክስታችን ጋደም ሲሉ ደኅና፥ ሲቆሙ ሕመምተኛ ስለ ሆኑ ጎረቤት ሁለተኛውን ስም ሰጣቸው። ለዕረፍት የገባነው እኛም፥ ተማርን ባዮቹ፥ በልባችን ከጎረቤት ጋር ተስማምተን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የከበበ ውሃ መሰል ፈሳሽ አለ፤ መጠኑ በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹን የያዘው ሽፋን በአከርካሪ በኩል ሲቀደድ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያፈሳል። ያን ጊዜ ሰው ሲቆም አንጎሉ ወደ ታች ይጎተታል፥ ሲተኛ ይመለሳል።

«ሲተኙ ይሻልዎታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም እስኪገኝ ድረስ በክኒን ከረሙ። ጠያቂው ደብረ ብርሃን ላይ ተገኘና ለኤም አር አይ ወደ አዲስ አበባ ላከን። 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀምጦ መሄድ ለእርሳቸው ስቃይ ስለ ነበረ በኋላ ወንበር አስተኝተን ወሰድናቸው። በደም ሥራቸው መድኃኒት ተሰጥቶ በተነሣው ምስል የአንጎላቸው ሽፋን ደምቆ፥ አንጎሉም ዝቅ ብሎ ታየ። ስንፍና ያልነው ነገር መልኩ ይህ ነበረ!

የአንኮበር ሰው 1888 ዓ.ም.ን የሚያውቀው በአድዋ ነው። ራጅም የተገኘው በዚያው ዓመት ነው፤ ወዲያውም በዘመቻው የቆሰሉ የኢጣልያ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረው ጥይት ናፖሊ ላይ በራጅ ተፈለገ። ጥይት በራጅ ይታያል፤ የሚያፈስ ቀዳዳ ግን ይደበቃል። ኤም አር አይ እንኳ ከአምስት እንዲህ ካሉ ሕመምተኞች በአንዱ ገደማ ደኅና አንጎል ያሳያል። ቀዳዳው ያለበትን ስፍራ ለማግኘትም ብዙ ጊዜ በወገብ በኩል ቀለም ሰጥቶ አከርካሪን ማንሣት ያስፈልጋል።

እንግዲህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ መሣሪያው የት መመልከት እንዳለበት የሚነግረው ጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ደግሞ በየመንደሩ ያለ ዋጋ ይገኛል።

ከክንዳቸው የተቀዳ ደም በአከርካሪያቸው በኩል ተሰጥቶ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አክስታችን ቆመው ቡና አፈሉ። እኛም ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ተዉት ልጆቼ፤ እኔም ራሴን ሰነፍሁ እንዴ እያልሁ ጠርጥሬ ነበር» አሉን።