የደሴ ብርድና የጣሪያው ድሪቶ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ፣ ኮቱን የት እንዳስቀመጠ ማሰብ የሚጀምረው ገና ከግማሽ መንገድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ እጅጌያችንን ሰብስበን ብርቱካን ስንልጥ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ግን በ2,500 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደሴ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀበለችን። ጊዜው ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነበር። የአገሩ ሰው በዚህ ወር ሰማዩ ጥርት ሲል ደስ አይለውም፤ ደመና የሌለበት ሌሊት ውርጭ ያመጣልና።

ያረፍነው በባልደረባችን እናት ቤት ነው። ቤቱ ብዙዎቻችን ያደግንበት ዓይነት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ተሰፍቶ የተወጠረ ማዳበሪያ። ከዒሻ በኋላ ጋቢያችንን ደራርበን ብርዱን ጠበቅነው። እንደፈራነው ሆኖ ግን አልመጣም። ክፍሏ ሞቃት ነበረች ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለሱብሒ ስንነሳ ጣታችን አልደነዘዘም፣ ለውዱእም ሰውነታችን አልለገመም። ከሰል ደግሞ በሌሊቱ አልነደደም፤ ምድጃው ከቡናው በኋላ ወደ ውጭ ሲወጣ አይተናል።

ጠዋት ምክንያቱን ጠየቅን። እናታችን ሳቅ ብለው በመጥረጊያው እንጨት የኮርኒሱን አንድ ጥግ ከፍ አደረጉልን። ድሮ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የወጣ፣ መሐሉ የሳሳ ግራጫ ብርድ ልብስ አለ፤ ያለቀ ባና አለ፤ የተቀደደ መጋረጃ አለ፤ የልጆች ሹራብና የአንሶላ ቁራጭ አንድ ላይ የተሰፋበት ድሪቶም አለ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ የሚዘጋው ደግሞ ጨርቅ የተሞላ የአሮጌ ሱሪ እግር ነው። የልጅ ልጆቻቸው «ዘበኛው» ይሉታል። ማታ «ዘበኛውን አስተኙት» ሲባል ሰምተን ግራ ገብቶን ነበር።

«ልጆቼ፣ ይህን ያስተማረኝ ብርዱ አይደለም፤ ከሰሉ ነው» አሉን። ከብዙ ዓመታት በፊት በጎረቤታቸው ቤት አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር፣ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ተኛች። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገባ። እናትየዋና ሁለቱ ልጆች ተረፉ። ስለ ሦስተኛው እሳቸውም አልጨረሱልን፣ እኛም አልጠየቅንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለው፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በየደጋው ከተማ ዛሬም በብርድ ወራት ሰው ይወስዳል።

እኛ መምህራን ስለ ሙቀት መተላለፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ስንት ዓመታችን ነው! ብርድ ልብስ ሙቀት አይፈጥርም። በክሮቹ መካከል አየር ይዞ ያቆማል፣ የረጋ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የገላችንና የምድጃው ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ በስስ ቆርቆሮ በኩል ወደ ሰማይ ከመሄዱ በፊት ያ ድሪቶ ያዘገየዋል። በአሜሪካና በፈረንሳይ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ ይህንኑ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ጨርቁ በቀላሉ እሳት እንዳይዘው መድኃኒት ያደርጉበታል።

ይህን ሁሉ እያወቅን፣ ተመልሰን በራሳችን ቤት ስንሞክረው አፈርን። አሮጌ ልብሱን በጆንያ ጠቅጥቀን ኮርኒሱ ላይ ጫንነው። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ፤ አይጥም ወለደችበት። ወደ ደሴ ስልክ ደወልን።

«ቆርቆሮው እንደማያፈስ አይታችኋል?» አላየንም። «ጨርቁን አጥባችሁ ፀሐይ አስመታችሁት?» አላጠብንም። «ዘርግታችሁ ነው ወይስ ጠቅጥቃችሁ?» ጠቅጥቀን። እናታችን ትንሽ ዝም አሉና «አስተማሪ አይደላችሁም እንዴ?» አሉን። ልክ ናቸው። ውሃ ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል፤ የተጠቀጠቀ ጨርቅም የያዘውን አየር ያጣል። ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቀው አሳሰቡን፦ የመብራት ሽቦ ባለፈበት ጨርቅ አይደርስም፣ ናይለን ያለበትም ወደ ጣሪያ አይወጣም። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ሁሉንም አውርደው ያራግፉታል፣ ፀሐይ ላይም ያሰጡታል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ለዚህም ይመስለናል ብዙ ቤት የማይሠራው። አንዳንዱ ደግሞ ያፍራል፤ ድሪቶ የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷልና።

አንድ ነገር ግን እዚያው ሳለን ከንክኖን ነበር። ብርድ ልብስ የሌለው ሰው በሞላበት ከተማ፣ ብርድ ልብስን ጣሪያ ላይ መዘርጋት ኢስራፍ አይሆንም? ደፍረን ጠየቅናቸው። አልተቆጡም። «ሰው የሚለብሰውን ጣሪያ አይለብስም» አሉን። እያንዳንዱን ጨርቅ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘርግተው ያዩታል። ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ወደ ጣሪያ ነው፤ ካላሳለፈ ታጥቦ፣ ቀዳዳው ተጥፎ፣ መስጂድ ለሚያድሩት ደረሶች ይሄዳል።

ባለፈው ኅዳር ባልደረባችን ወደ ደሴ ሲሄድ፣ ጠርዙ ያለቀ አንድ ጋቢ «ለጣሪያዎ» ብለን ላክንላቸው። ሲመለስ የነገረን ይህን ነው፦ እናቱ ጋቢውን ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ዘረጉት፣ ገለባበጡት። ከዚያም «በላቸው፣ ይሄ ገና ጣሪያ አልደረሰም» ብለው መርፌና ክር አስመጡ። ለመግሪብ ሲወጣ ጋቢው አንድ ከሩቅ የመጣ ትንሽ ደረሳ ትከሻ ላይ ነበር።